ያቃናሁት ክር

ሜይ 16፣ ቅዳሜ

የሐይቁ ዳር የዳንስ ዳስ ዛሬ ተከፈተ። በረዶው ከቀለጠ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሴቶቹ ግን እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሰው፣ ከንፈራቸው በብርድ ጠቁሮ፣ «ሞቅ ብሏል አይደል?» ይባባላሉ። ሙዚቃው እንደ ሁልጊዜው የራይሞ ቡድን ነው። ራይሞ አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ ጭኖ ይዘፍናል፤ አልፖ ከኋላው ቆሞ ቤዝ ጊታሩን ይመታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚያው ቦታ ነው የቆመው።

በእረፍት ሰዓት አልፖ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። ያርኖ የሚባል የሌላ ከተማ ቤዝ ተጫዋች ለመስማት መጥቶ ነበር፤ የአልፖን ጊታር ከመደገፊያው አንስቶ ወደ መብራቱ አቀረበው። ወፍራሙ ክር ከአንገቱ ጠርዝ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። በእሱና በሚቀጥለው ክር መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የሌሎቹን አንድ ተኩል ይሆናል።

«ይሄን ጠማማ ሥራ የሠራው ሰውዬ ስንት ጠጥቶ ነው?» አለና ሳቀ።

ማንም አልሳቀም። ቋሊማ ለመግዛት የተሰለፉት ሁሉ ወደኔ ዞር አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ። ከሳቃቸው ዝምታቸው ባሰብኝ። የሠራው አባቴ ነው። እዚህ ከተማ ከእሱ በፊት ጊታር የሚጠግን አልነበረም፤ ከእሱ በኋላም ከእኔ ሌላ የለም።

ከሁለተኛው እረፍት በፊት ወደ ቤት ሄድኩ። ጫማዬ ጠቦኝ ነበር።

ሜይ 19፣ ማክሰኞ

አልፖ ጊታሩን ይዞ መጣ። ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ይንኮሻኮሻል አለ።

«እስከ ዓርብ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«ጥሩ።»

ከአልፖ ጋር ይሄ ረጅም ወሬ ነው።

ሲሄድ የብረት ክዳኑን ፈታሁት። ክዳኑ በክሮቹ መጨረሻ ላይ እንደ ግጣም የተደፋ ስለሆነ ውስጡን ማንም አያየውም፤ አልፖም አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም። ከሥሩ አራቱ ኮርቻዎች አሉ። ጥፍር የሚያካክሉ የነሐስ ቁራጮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ክር በአንዱ ላይ ይቀመጣል። ክሩ የሚተኛበትን ቦይ በሞረድ የምናወጣው እኛ ነን። ቦዩ በየት በኩል እንደወጣ ክሩ በዚያ በኩል ይሄዳል።

የእነዚህ ቦይ ግን ጉድ ነው። የአንዱ ከመሃል ሸሽቶ ጠርዝ ላይ ወጥቷል፣ የሁለተኛው ወደ ተቃራኒው ጎን ተገፍቷል። ወፍራሙ ክር ደግሞ ያለ ቦታው ከፍ ብሎ ቆሟል።

አባቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠርሙሱን ከሞረዶቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚደብቀው፤ እኔም አውቃለሁ፣ ከተማውም ያውቃል። ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያበላሻቸው ዕቃዎች አንድ በአንድ እጄ ሲገቡ ለማንም ሳልናገር እያስተካከልኩ መልሻለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ማንዶሊኖች፣ የቄሱን ጊታር፣ የፖስታ ቤቷን ሴትዮ ካንቴሌ፣ ጭን ላይ ተኝቶ የሚመታውን በገና መሳይ። አንድም ሰው አላወቀብኝም። ልጅ ለአባቷ ከዚህ በላይ ምን ታደርጋለች?

ይሄኛውንም አቃናዋለሁ።

ሜይ 21፣ ሐሙስ

ስሠራ ዋልኩ። ደስ የሚል ቀን።

አዲስ ነሐስ ቆርጬ ሞርሳው ላይ አሰርኩና በቀጭን መርፌ መሃሉን አሰመርኩ። ከዚያ ክብ ሞረድ፣ ለእያንዳንዱ ክር በውፍረቱ ልክ። ሦስት ጊዜ ጫር፣ ክሩን ማስቀመጥ፣ ማየት፣ ማንሳት፣ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጫር። ክሩ ቦዩ ውስጥ መተኛት አለበት እንጂ መቀርቀር የለበትም፤ ከተቀረቀረ ይነፋነፋል። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ወለወልኩትና የኋላውን ብሎን በካቻቢቴ እያዞርኩ ድምፁን አስተካከልኩ። አራቱ ክሮች በእኩል ርቀት፣ በእኩል ከፍታ። በማስመሪያ ለካሁ፤ የፀጉር ልዩነት የለም።

የድሮዎቹን ኮርቻዎች የነሐስ ቁርጥራጭ የማጠራቅምበት ጣሳ ውስጥ ወረወርኳቸው። ቀለል አለኝ።

ሜይ 22፣ ዓርብ

አልፖ ወሰደ። «መሰኪያውን ለወጥኩት፣ አዲስ ክር አደረግኩልህ፣ ጠራረግኩት» አልኩት። ሁሉም እውነት ነው።

የኮርቻዎቹን ነገር ማንሳት የአባቴን ነገር ማንሳት ነው። ማን ይፈልጋል?

ሜይ 31፣ እሁድ

ትናንት ዳሱ ውስጥ አልፖ ታንጎው ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። አዲስ ክር ስለሆነ ነው። አዲስ ክር እስኪለመድ ጊዜ ይወስዳል።

ጁን 8፣ ሰኞ

የቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢው መጥቶ ጣሳውን ወሰደ።

ጁን 21፣ እሁድ

የበጋው እኩሌታ በዓላችን፣ የዮሐንስ በዓል፣ ትናንት ነበር። ሐይቁ ዳር እሳቱ ተለኮሰ፤ ሰዉ አዲስ ድንች ከጨው ዓሣ ጋር በልቶ ወደ ዳሱ ገባ። ጀምበሯ አልጠልቅ ብላ ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር። ባይታይ በወደድኩ።

አልፖ እየተሳሳተ ነው። ሑምፓ የሚባለውን ፈጣን ዳንስ ሲጫወቱ ቤዙ ከአንድ ወፍራም ድምፅ ወደ ሌላ እየተመላለሰ እግር ማንሳት አለበት፤ የዳንሰኛው ልብ ምት እሱ ነው። አልፖ ግን ወፍራሙን ክር ሲፈልግ ሁለተኛውን ይነካል፣ ወይም ሁለቱንም አንድ ላይ። ራይሞ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው። ራይሞ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ አይቼ አላውቅም።

አግዳሚው ላይ ከጎኔ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ምን ሆነ ዛሬ? ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ረገጠኝ።»

«ባልሽ ሁልጊዜ ይረግጥሻል።»

«ዛሬስ የሱ ጥፋት አይደለም። አልፖ አረጀ፣ ምስኪን።»

ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰው ያረጃል። ከእኔ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ወገቤን ስላመመኝ ቶሎ ወጣሁ።

ጁላይ 2፣ ሐሙስ

ቢያሳፍረኝም ልጻፈው።

አልፖ ጠዋት ሱቁ መጣ። ጊታሩን አልያዘም። ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ቀኝ እጁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። አመልካች ጣቱ ከመሃሉ በላይ የለም፤ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት፣ በሰማንያ ሦስት፣ የእንጨት መሰንጠቂያው ወስዶበታል። ይሄን ጣት ሠላሳ ዓመት ጨብጫለሁ። ሠላሳ ዓመት!

«ይንቀጠቀጣል?» አለኝ።

«አይ።»

«ደህና አድርገሽ እዪው እስኪ። ወንድሜ በዚህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ቁልፍ አልቆልፍ አለው፣ ቀጥሎ ማንኪያ። ሊሞት አካባቢ ሄልቪ ናት በማንኪያ ታጎርሰው የነበረችው።» ሄልቪ የአልፖ ሚስት ናት። «ክሮቹ ሸሹኝ፣ መርቪ። እጄን ድሮ ወደነበሩበት እሰዳለሁ፣ የሉም።»

ሞረዶቹን በመጠናቸው መደርደር ጀመርኩ።

«አባትሽ ቢኖር ያውቀው ነበር። ጣቴ የተቆረጠ ጊዜ ከሆስፒታል ወጥቼ ጊታሩን ልሸጠው ይዤለት መጣሁ። አንቺ ያኔ ለትምህርት ታምፔሬ ነበርሽ። 'አስቀምጠውና እሁድ ና' አለኝ። ሦስት እሁድ እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ጊዜ ይሞርዳል፣ 'ምታው' ይለኛል፣ ደግሞ ይሞርዳል። ይሄ ጉማጅ ወፍራም ስለሆነ ሁለት ክር መካከል አይገባም ነበር፤ ክፍተቱን አሰፋልኝ። አጭር ስለሆነ አይደርስም ነበር፤ ክሩን ወደኔ ከፍ አደረገልኝ። ሰው ልብስ እንደሚለካ ጣቴን ለካ።»

አልፖ እጁን እያገላበጠ ያየዋል።

«በሜይ መሰኪያውንና ክሩን ብቻ ነው የነካሽው አይደል?»

«ጠራርጌዋለሁ» አልኩት። «ሌላ ምንም።»

«እሱማ አውቃለሁ። ሌላ ብትነኪ ትነግሪኝ ነበር። የኤይኖ ልጅ ነሽ።» ቆቡን አደረገ። «እንግዲህ እጄ ነው።»

ሄደ። በሩ ሲዘጋ የተንጠለጠለችው ደወል ስትጮህ ሰማሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ነበር የሚፈለግብኝ፤ «እኔ ነኝ»። እነዚያን ሁለት ቃላት ከአፌ ማውጣት አቅቶኝ ሽማግሌውን በቁሙ በሽተኛ አድርጌ ሰደድኩት።

ጁላይ 3

ጣሳው የለም። ሰብሳቢው ጋ ደወልኩ። «የትኛው ጣሳ? እሱማ ቀልጦ ሊሆን ይችላል» አለ። ሳቀ።

ጁላይ 7፣ ማክሰኞ

አንድ ነገር አሰብኩ። ማንም ሳይሰማ ልመልሰው። ሄልቪ ጋ ደውዬ «የአልፖን ጊታር ለአንድ ቀን አምጪልኝ፣ የበጋው እርጥበት እንጨቱን እንዳያበላሸው ልየው» አልኳት። አመሰገነችኝ። ለመዋሸት ምን ያህል ቀለለኝ!

ጁላይ 9፣ ሐሙስ

ክሮቹ ሥር ባለው ጥቁር ሽፋን ላይ የአልፖ ጉማጅ ጣት ሠላሳ ሁለት ዓመት የፋቀው ቦታ አለ። ከዚያ ተነስቼ ለካሁ፣ አሰላሁ፣ አዲስ ኮርቻ አወጣሁ። ክፍተቱን አሰፋሁ፣ ወፍራሙን ክር ከፍ አደረግኩ። በራሴ አመልካች ጣት ሞከርኩት። ከዚያ አንጓዬ ላይ ፕላስተር ጠቅልዬ ጣቴን አሳጥሬ ሞከርኩ።

አላውቅም። ፕላስተር የጠቀለለ ጣት የተቆረጠ ጣት አይደለም።

ጁላይ 12፣ እሁድ

ከቀድሞው ባሰ። ትናንት ዋልሱ መሃል ላይ እጁን አንስቶ ቆመ። ራይሞ ብቻውን በአኮርዲዮን ጨረሰው። ዳንሰኞቹ በትሕትና ሁሉም መሬት መሬት እያዩ ነበር የሚዞሩት። አልፖ ጊታሩን መደገፊያው ላይ አስቀምጦ በጓሮ በር ወጣ።

የተቃኑትን ክሮች ከጁን ወዲህ በመጠኑም ቢሆን መላመድ ጀምሮ ነበር። እኔ ነኝ ደግሜ ያዛባሁበት። አንድ ሰው በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ ጣቱ ይቆረጣል?

ጁላይ 14፣ ማክሰኞ

ጊታሩን ከሄልቪ አስመጥቼ በሜይ የሠራኋቸውን ቀና ቀና ኮርቻዎች መለስኩበት። ከነካሁት አይቀር ማስመሪያው የሚያምነውን ልመልስለት ብዬ። ፈሪነት ነው። በስንት ዓይነት ቋንቋ እንደማስጌጠው እኔው ይገርመኛል።

ጁላይ 18፣ ቅዳሜ

ያርኖ ተቀመጠለት። ማለቴ ቆመለት፤ በአልፖ ቦታ። «ለጊዜው ነው» አለ ራይሞ በማይክሮፎን። የአልፖን ጊታር ሄልቪ መልሳ መደገፊያው ላይ አቁማዋለች። ያርኖ በእረፍት ሰዓት አንስቶ አየውና ጮክ ብሎ «አሁን ገና ሰው ነክቶታል! አራቱም ክር ቀጥ ብሏል። መርቪ፣ አንቺ ነሽ? እጅሽ ይባረክ!» አለኝ።

ፊቴ ፍም ሆነ። ሌሎቹ ያፈርኩት በምስጋናው መሰላቸው።

አልፖ አልመጣም ነበር። እግዜር ይመስገን ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ምን ብዬ እንዳመሰገንኩ ገባኝ።

ጁላይ 23፣ ሐሙስ

ሄልቪ መጣች፤ ከጓሮዋ የለቀመችውን አንድ ሳህን እንጆሪ ይዛልኝ። ለኔ እንጆሪ!

«ሐኪም ቤት ወሰድኩት» አለች። «ሐኪሟ ጣቱን አስዘረጋችው፣ አፍንጫውን አስነካችው፣ ቀጥ ባለ መስመር አስኬደችው። ምንም የለብህም አለችው። አላመናትም። 'እያዘነችልኝ ነው የደበቀችኝ' ይላል። ጊታሩን ሳውናው ጣሪያ ሥር፣ በእንፋሎት ስንታጠን ገላችንን ከምንመታባቸው የቅርንጫፍ መጥረጊያዎች ጋር ሰቀለው። ትናንት ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ቆሜ አየሁት፤ አንድ ቁልፍ ይቆልፋል፣ እጁን ያያል። አንድ ቁልፍ ይቆልፋል፣ እጁን ያያል።»

እንጆሪው ላይ አፈጠጥኩ።

«አንቺ አናግሪው፣ የኔ ልጅ። ካንቺ ይቀበላል። 'መርቪ እንደ አባቷ ናት፣ አትዋሽም' ይላል።»

«አናግረዋለሁ» አልኳት።

እንጆሪውን አልበላሁትም። መጣልም አልቻልኩም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው።

ጁላይ 26

ሦስት ጊዜ በብስክሌት እስከ በራቸው ሄድኩ። ሦስቴም ተመለስኩ። አንዴ በመስኮት አይቶኝ እጁን አወዛወዘልኝ፤ እኔም አወዛወዝኩና ሥራ ያለብኝ ይመስል ፔዳሉን መታሁት። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ኦገስት 2፣ እሁድ ጠዋት

ተናገርኩ። እንዴት እንደሆነ እንዳለ ልጻፈው፤ በኋላ ለራሴ እንዳላሳምረው።

ትናንት አልፖና ሄልቪ ዳሱ መጡ። እሱ ሊጫወት አይደለም፤ ሄልቪ ናት ጎትታ ያመጣችው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ያርኖ እላይ ይጫወታል። አልፖ የሱን እጅ ነበር የሚያየው፤ ሌላ ምንም አላየም።

ግድግዳው ላይ «ሴቶች ይጋብዛሉ» የሚለው መብራት በራ። በዚያ ሰዓት ሴት ከጋበዘች እምቢ አይባልም፤ ንጉሥም ቢሆን ይነሳል። ከተነሳህ ደግሞ ሁለት ዘፈን ነው። አንዱን ደንሰህ፣ በሁለቱ መካከል ከጎኗ ቆመህ፣ ሁለተኛውን ደንሰህ፣ ወደ ቦታዋ መልሰህ አመስግነህ ትሄዳለህ። አንዷን መሃል ወለል ላይ ጥሎ የሄደ ወንድ እዚህ አገር ውስጥ ስሙ አይነሳም። ይሄንን አውቄ ነው የሄድኩት። ፈሪ ነኝና ሰውየውን ማምለጥ የማይችልበት ቦታ መረጥኩለት፤ ወይም እኔ ማምለጥ የማልችልበት።

ጎንበስ አልኩለት። ተነሳ።

የመጀመሪያው ዘፈን ዘገምተኛ ታንጎ ነበር። ቀኝ እጁ ጀርባዬ ላይ ነው። አራት ሙሉ ጣትና አንድ ጉማጅ፤ በስሱ ልብስ ውስጥ እያንዳንዱ ይታወቀኛል። እጁ አይንቀጠቀጥም። እንደ ጠረጴዛ የረጋ እጅ ነው። አንዲት ቃል ሳልናገር ታንጎው አለቀ።

ጎን ለጎን ቆምን። ራይሞ ላቡን ይጠርጋል። ጥንዶቹ ሁሉ እንደ ወትሮው ወደ ፊት እያዩ ዝም ብለዋል።

«አልፖ፣ እጅህ ምንም አልሆነም» አልኩ። ወደ ፊት እያየሁ። «ኮርቻዎቹን በሜይ ለውጬአቸዋለሁ። አባቴ ሰክሮ የሠራቸው መስለውኝ። አፈርኩበት። አቃናሁልህ ብዬ ነው ያጠፋሁብህ። በጁላይ ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ። ከዚያ ደግሞ ደብቄ ልመልስ ብዬ የባሰ አበላሸሁት። የድሮዎቹ የሉም፣ ሰጥቻቸዋለሁ።»

ወደኔ አልዞረም። ሙዚቃው ጀመረ፤ ዋልስ ነበር። እጁ ተመልሶ ጀርባዬ ላይ አረፈ፤ እዚያችው ቦታ። አንዴም ሳይሳሳት፣ አንዴም ሳይረግጠኝ እስከ መጨረሻው አስደነሰኝ። ጥሎኝ ቢሄድ ወይም ቢጮህብኝ እወድ ነበር። እንባዬ ሸሚዙ ላይ ሲወርድ አላበስኩትም፤ ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል።

ወደ አግዳሚዬ መለሰኝ። ጎንበስ ብሎ «አመሰግናለሁ» አለኝ፤ ደንቡ ነው። ከዚያ ሄልቪ ጋ ሄዶ ኮቷን አለበሳትና ወጡ።

ኦገስት 4፣ ማክሰኞ

ምንም።

ኦገስት 6፣ ሐሙስ

ራይሞ ቤት ሄጄ ነገርኩት። ማንም አልላከኝም። ሳር እያጨደ ነበር፤ ማጨጃውን አላጠፋልኝም፣ ስለዚህ እየጮህኩ ነው የተናዘዝኩት። ጎረቤቶቹም ሰሙ።

አጠፋው በመጨረሻ። «ይሄን ሁሉ በጋ?» አለ።

«አዎ።»

«እኔ እኮ ሽማግሌውን 'ትንሽ እረፍ' ብዬዋለሁ፣ ሴትዮ። እኔ! ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው!» ፊቱን አዞረ። «ለያርኖ እስከ መዝጊያው ድረስ ቃል ሰጥቼዋለሁ። አሁን ምን በለው ነው የምትይኝ?»

ማጨጃውን መልሶ አስነሳው።

ኦገስት 9፣ እሁድ

አልፖ መጣ። ጊታሩን ይዞ። ሳውና ሳውና ይሸታል ጊታሩ።

«አባትሽ ሦስት እሁድ ፈጅቶበታል» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ያሰናዳሁት ረጅም ነገር ነበረኝ። እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«ጊታሩን መመለስ ትችዪ ይሆናል። ሐኪሟ ፊት እጄን ዘርግቼ እንደ ሕፃን ቆሜአለሁ። ለሄልቪ 'እንደ ወንድሜ ታጎርሺኛለሽ' ብያታለሁ፤ ማድ ቤት ገብታ ውኃ ከፍታ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። እሱን በየትኛው ሞረድ ትሞርጂዋለሽ?»

አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

«በይ ሞረዱን አንሺ» አለ።

ሁለት ጊዜ ጫርኩ። ክሩን አስቀመጥኩ። መታው። «ወደኔ» አለ። ሁለት ጊዜ ጫርኩ። «ወደኔ።» ከሰዓት በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ አለቀ። ከእነዚያ ሁለት ቃላት ሌላ ምንም አልተነጋገርንም፤ «ወደኔ»፣ «በዛ»። ሁለት ኮርቻ አበላሸሁ። አምስት ሰዓት ሙሉ ሠርቼ ወፍራሙ ክር ብቻ ነው ቦታውን ያገኘው፤ የሱ ቦታ በማስመሪያ ሲለካ ፈጽሞ ስሕተት ነው።

ኦገስት 16፣ እሁድ

ሁለተኛው ክር። እሱ የባሰ አስቸጋሪ ነው፤ ጉማጁ ከወፍራሙ ሲመለስ የሚያርፍበት ስለሆነ ትንሽ ከበዛ ይመታዋል፣ ትንሽ ካነሰ አያገኘውም።

ሳንድዊች ይዞ መጥቶ ነበር። አንዱን ወደኔ ገፋልኝ። ስንበላ የማይጠየቀውን ጠየቅኩት።

«ያኔ በሰማንያ ሦስት፣ አባቴ... ይጠጣ ነበር?»

አላምጦ ዋጠ። «ይጠጣ ነበር። ያን በጋ በጣም። እሁድ ጠዋት ስመጣ እጁን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ነበር የማገኘው፣ እንዲረጋለት። ጠርሙሱ ያለባትን መሳቢያ ቆልፎ ቁልፉን ለኔ ይሰጠኛል። ማታ ስወጣ እመልስለታለሁ።» ዳቦውን ቆረሰ። «ሦስቱንም እሁድ።»

ከዚያ በኋላ ሞረዱን ለማየት ተቸገርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአባቴን እጅ ከከተማው ዕቃ ላይ ስፍቅ ኖሬአለሁ። የትምህርት ቤቱ ማንዶሊኖች አንገታቸው ለምን ቀጭን እንደነበረ አሁን አሰብኩ። ለልጆች እጅ ነበር።

ኦገስት 23፣ እሁድ

ሦስተኛው እሁድ። የቀሩትን ሁለቱን ክሮች ጨረስን። አልፖ ቆሞ ሑምፓ መታ፣ ዋልስ መታ፤ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር እንጂ እጁ ላይ አልነበረም። ክሮቹ ባሉበት እጁ ሄደ። መስኮቱ በድምፁ ተርገፈገፈ።

ቆመ። ጊታሩን ወደ መብራቱ አቀረበና ዓይኑን አጨንቁሮ ተመለከተ።

«ጠማማ ነው» አለ።

«ጠማማ ነው።»

ክዳኑን ራሱ ገጠመው። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። እንዲል ጠብቄ ነበር፤ እንደምጠብቅ የገባኝ ሳይለው ሲወጣ ነው። በሩ ላይ ዞሮ «ሄልቪ ሳህኗን ትፈልጋለች» አለኝ።

ኦገስት 30፣ እሁድ

ትናንት የዳሱ መዝጊያ ነበር። ሐይቁ ዳር ችቦዎች፣ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ ሴቶቹ አሁንም በስስ ቀሚስ። ራይሞ ለያርኖ የሰጠውን ቃል አላጠፈም፤ ምሽቱን ሙሉ ያርኖ ተጫወተ። ለአልፖ የሰጠው የመጨረሻዎቹን ሁለት ዘፈኖች ብቻ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ለቆመ ሰው ሁለት ዘፈን። ለሚመጣው በጋ «እናያለን» ነው ያለው። እሱም በኔ ዕዳ ላይ የሚደመር ነው።

በመጨረሻው እረፍት የአልፖ ጊታር መደገፊያው ላይ ነበር። ያርኖ አነሳው። ሰዉ እንደ ሜይ ቋሊማው ጋ ተሰልፏል። የሄልቪን ባዶ ሳህን ይዤ ቆሜአለሁ።

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ያርኖ። «በሜይ ጠማማ ነበር፣ በጁላይ ቀና ነበር፣ ደግሞ ጠመመ! ይሄን የሞረደው ማነው?»

የተሰለፉት እንደ ሜይ ወደኔ አዩ። አልፖ ከጓሮ በሩ ሲጋራውን አጥፍቶ እየገባ ነበር፤ በሩ ላይ ቆመና ጠበቀ። ለኔ ብሎ አንዲት ቃል አልረዳኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ፤ እላይ ያሉትም ዞሩ። «መጀመሪያ የሠራው አባቴ ነው። ቀና ያደረግኩት ጊዜ ነው ያበላሸሁት።»

አልፖ መጥቶ ጊታሩን ከያርኖ እጅ ወሰደና ወደ ቦታው ወጣ።